መኝታ ቤቱ ፎቅ ማን አወጣው?

(ጠባብ የቤት ፕላን መሥሪያ ክፍል፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር። ሊቁ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ፕላን ነዳፊ ነው። ቀሴ የሚስቱ ታናሽ ወንድምና ረዳቱ ነው፤ ሲናገርም ሲሠራም ቀስ ነው። ጉልበት የሚያማቸው የሊቁ አማት መኝታ ቤታቸው ከፎቅ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ አዘዋል። “ደረጃ ካስወጣኸኝ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ” ስላሉ ሊቁ ሳምንቱን ሙሉ ሲነድፍ ከርሟል። አሁን ፕላኑን ሊያዩ እየመጡ ነው።)

ሊቁ፦ ነክተኸዋል!

ቀሴ፦ አልነካሁትም ጋሼ።

ሊቁ፦ ታዲያ መኝታ ቤቱ በእግሩ ነው ፎቅ የወጣው?

ቀሴ፦ እማዬ ያቃታትን ደረጃ? ጎበዝ መኝታ ቤት ነው።

ሊቁ፦ አትቀልድ! ያወረድኩት መኝታ ቤት ዛሬ ስከፍተው ተመልሶ ፎቅ ላይ ነው።

ቀሴ፦ ከየት ከፈትከው?

ሊቁ፦ በቅርብ የተከፈቱት ከሚደረደሩበት ነዋ! እኔ እንዳንተ ፎልደር ለፎልደር ስዳክር አልውልም። ከላይ ያለውን ጠቅ፣ አለቀ።

ቀሴ፦ ትናንት ግን እዚያ “የእማማ ቤት” የሚል ሁለት ነበር።

ሊቁ፦ አንዱን ሁለቴ ስለከፈትኩት ነዋ! ይሄ እንኳ አይገባህም?

ቀሴ፦ አይገባኝም። የላይኛው ላይ ማውሱን ሳሳርፍ ግን “ባክአፕ ፎልደር” አለኝ።

ሊቁ፦ ባክአፕማ ፕሮግራሙ ራሱ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ቅጂ ነው። እሱ ላይ ማን ይሠራል? ሞኝ ካልሆነ!

ቀሴ፦ ሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከባክአፑ አልነበር የከፈትከው?

ሊቁ፦ እና?

ቀሴ፦ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከላይ ያለውን ጠቅ።

ሊቁ፦ እና!

ቀሴ፦ እናማ... እኔ ቀርፋፋ ነኝ፣ አስረዳኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሠራኸው የትኛው ላይ ነው?

(ሊቁ ወደ ኮምፒውተሩ ይጠጋል።)

ሊቁ፦ ወይኔ! ዛሬ ጠዋት ደግሞ “ቦታ አጣበበ” ብዬ ባክአፑን በሙሉ...

ቀሴ፦ አጠፋኸው። እያፏጨህ። ዛሬ ከላይ ያገኘኸው ያልተነካው የድሮው ነው።

ሊቁ፦ ጉዴ ፈላ! ቆይ ቆይ... የጠፋ ፋይል መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ እናወጣዋለን!

ቀሴ፦ እሱንም “ባዶ አድርገው” ብለኸኝ ወጣህ እኮ።

ሊቁ፦ (ራሱን ይዞ) አደረግከው?

ቀሴ፦ ልክ እንዳዘዝከኝ፣ “ባዶ አድርግ” የሚለውን ተጫንኩ።

ሊቁ፦ አለቀልኝ! በቃ ሚስቴ ሄደች!

ቀሴ፦ ግን ኮምፒውተሩ “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ ጠየቀኝ።

ሊቁ፦ ምን አልከው?

ቀሴ፦ ምን እለዋለሁ? እርግጠኛ አይደለሁማ። ገና እያሰብኩበት ነው።

(ሊቁ ስክሪኑ ላይ ፕላኑን ገለል ሲያደርግ ጥያቄው ከኋላው ተገትሮ መልስ ይጠብቃል። በሩ ይንኳኳል።)

አማት፦ (ከውጭ) እናንተ ልጆች! መኝታ ቤቴ ወረደ?

ሊቁ፦ እየ... እየወረደ ነው እማማ! (ማውሱን ይጨብጣል።) ቀሴ፣ “አዎ” ነው ወይስ “አይ” የምለው?

ቀሴ፦ እርግጠኛ ነህ ወይ ነው የሚልህ።

ሊቁ፦ (ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ) በል ና፣ አንተ ቁጭ በል። ደግሞ እባክህ... እንዳትቸኩል።