የዳንግላ ሕዝብ በገብስ የተቆጠረበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ፣ በ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ መፍቀሪተ ጽድቅ ወይዘሪት ማናለብሽ በዕቅድ ባለሙያነት በተሾሙ በዘጠነኛው ወር፣ ዳንግላ ላይ ሕዝብ ከጋሪ ወርዶ ሚኒባስ በሚጠብቅበት ሜዳ የዝናብ መጠለያ ይሠራ ዘንድ የአዋጭነት ጥናት ተጠየቀ፤ በቀን ሦስት መቶ ተሳፋሪ መኖሩ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልተረጋገጠም በጀቱ ተመላሽ ነውና፣ ሕዝቡ ሌላ ክረምት ከሰማይ በታች ሊቆም ሆነ።

አስቀድሞ ሊቀ ስታቲስቲክስ አቶ ወገኔ፣ ገበያ ቁጥር ያሳብጣል ብለው ገበያ የሌለበትን ቀን ቢመርጡ፣ ቀኑ ሰኔ ሚካኤል ሆኖ፣ አገሩ ሁሉ ለንግሥ ወጥቶ ሳለ ዘጠኝ ሰው ቆጥረው «ተሳፋሪ የለም» ብለው ጻፉ።

ወእምዝ ወይዘሪት ማናለብሽ ይህን አንብበው ምሳቸውን ትተው ተነሡ፤ ሰኔ ፲፯ ቀንም፣ ገበያም በዓልም በሌለበት፣ በማለዳ ዘመቱ። የተከተሏቸውም ባለጋሪው አያ እንግዳው፣ ዳማ ፈረሳቸው፣ ሁለት የባጃጅ ነጂዎችና ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሻይ ሻጭ ነበሩ። ዝናቡም ወረደ፣ ወረቀቱ ራሰ፣ እስክሪብቶውም ከዳ። ያን ጊዜ አያ እንግዳው ከፈረሱ መኖ ገብስ ዘግነው ሰጧቸው፤ እርሳቸውም ለአንድ ተሳፋሪ አንድ ፍሬ እያሉ ወደ ቁና ይጥሉ ጀመር። ሕዝቡ መጠለያውን ከመናፈቁ የተነሣ ዞሮ እየመጣ ዳግመኛ ሊቆጠር ቢሻ፣ አያ እንግዳው ጋሪው ላይ ቆመው አወጁ፦

«ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። አንድ ሰው አንድ ገብስ ነው። ዞሮ የሚመጣውን በጫማው ጭቃ ዐውቀዋለሁ፤ ያገኘሁትም እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ በእግሩ ይኳትናታል። እታለም ማናለብሽን ያሳሳተ፣ ክረምቱን ሁሉ ይዝነብበት።»

ቀትር ሲሆን ዳማው አንገቱን አስግጎ ከቁናው አንድ አፍ ሙሉ ሕዝብ በላ። ባጃጅ ነጂዎቹ የተበላው መቶ ይባል ብለው መከሩ፤ ወይዘሪት ማናለብሽ ግን ያላረጋገጡትን ላይጽፉ ማሉ፤ ወደ እንጅባራ የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ እስኪነሣም ከዝናቡ አልወጡም። ገብሱ ሲዘረገፍ ሦስት መቶ አራት ሆነ። በጥናቱም «ፈረስ የበላው አልተጨመረም» ብለው ጻፉ።

በጀቱን የያዘው ኮሚቴም ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን አንብቦ አወጀ፦ «መጠለያው ይሠራ፤ የፈረስ ማሰሪያም ይታከልበት፤ ፈረሱ ግን ከእንግዲህ ከጥናት ይራቅ።»

እነሆ ነገሥታት ሠራዊታቸውን ይቆጥራሉ፤ ጃንጥላ የሌለውን የቆጠሩ ማናለብሽ ናቸው። ዶፍ ያልፈታቸው፣ መቶ ሲሰጣቸው እምቢ ያሉ፣ ኆላቂተ ሕዝብ፣ ጽንዕተ ልብ፣ ስማቸው በአዊ ምድር ቆርቆሮ በጮኸ ቁጥር ከሥሩ በደረቀ ልብስ በተቀመጠ ሁሉ አፍ ይመስገን።