የጋሼ ተክሌ ረጅም ስሌት

የወንድሜ ልጅ ሰሎሞን ለብሔራዊ ውትድርና መወሰዱን የሰማሁት አሰብ ላይ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሾፌር ነገረኝና አማተብኩ።

ለመሆኑ አንባቢዬ፣ ዕቃውን ሳይገዛ የዕቃውን እርጅና የሚያሰላ ሰው ገጥሞህ ያውቃል? የሰሎሞን አባት ጋሼ ተክሌ እንዲያ ያለ ነው። ልጁ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጨዋታ ሲለምነኝ፣ ወደቡ ላይ ሁለት ዓይነት አገኘሁለት፤ አንዱ ራሱ ርካሽ ሆኖ የጨዋታ ካሴቱ ውድ፣ ሌላው ራሱ ውድ ሆኖ ካሴቱ ርካሽ።

«ርካሹ ኋላ በካሴት ይግጠናል» አለኝ ጋሼ በስልክ። «ውዱ ደግሞ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? የጫጫ ገበያ ብረት ቀጥቃጭ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ልጁ እያደገብህ ነው።»

«ዝም በይ፤ ዕቃ የሚገዛው ለዘመን ነው።»

ሁለት ክረምት አሰላ። ለትዳርስ ይህን ያህል ይታሰባል? በመጨረሻ፣ ውዱ ሲውል ሲያድር ይሻላል ብሎ የቆረጠው ልጁ በተወሰደበት ዕለት ጠዋት ነው አሉ፤ ማታ ሊያበስረው አስቦ። ልጁን ግን ቀን ገበያ ላይ አፈሱት።

ዕቃውን ገዝቼዋለሁ፤ ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር ነው። ያን ቀን ከገበያው የታፈሱት ልጆች መኪና ላይ ሲጫኑ እዚያ የነበራችሁ፣ ስለ እመብርሃን ንገሩኝ፤ አባቱ እሺ ማለቱን ለሰሎሞን የነገረው ሰው ነበር?