ወንድም ጋሼ በሙሻ ደሴት

ባል በሚስቱ ቢቀና ማን ይፈርድበታል? አንዳንዱ ያኮርፋል፣ አንዳንዱ ይደነፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ «እኔ እንኳ ቅናት አላውቅም» እያለ የሚስቱን ስልክ ይበረብራል። ሁሉም መብቱ ነው። መከራው ያለው አንጀቱ እየበገነ መቅናቱን ማሳየት ያልተፈቀደለት ባል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ባል አለ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ እኔ አለሁ። አንድ ዓርብ ቀን ጅቡቲ ላይ እሱን ሆኜ ውያለሁ።

እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ባለቤቴ የሺ ደግሞ እዚያው ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ቤት እያደረች ትሠራለች። ማዳሟ ደግ ሴት ናት፤ አመሏ አንድ ብቻ ነው፤ ባል ያላት ሠራተኛ አትቀጥርም። ባሉ ሹፌር ከሆነማ በር ላይ ክላክስ ሲጮህ ሊኖር ነው ትላለች። የሺ ስትቀጠር ታዲያ ምን ትበል? አላገባሁም አለች። በር ላይ መጥቶ ለሚገተረው ለእኔም ስም ማውጣት ነበረባትና «ወንድም ጋሼ ነው» አለች። በሰማንያ ያገባኋት ሚስቴ በአንድ ቃል እህቴ ሆነች። የእንጀራ ጉዳይ ነውና ዋጥ አደረግሁት።

ያን ዓርብ ጭነቴ ከወደብ አልወጣ ብሎ መኪናዬን ፔካ 12፣ የከባድ መኪና ማቆሚያው ሰፈር፣ አቁሜ ነበር። ዓርብ ደግሞ የሺ የምታርፍበት ቀን ነው። ሸሚዝ ልትመርጥልኝ ገበያ ወጣን፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ጅቡቲ ዓርብ ዕለት ገበያ የሚወጣ ከእኛ ሌላ ማን አለ? በዚያው ከአዟሪ አይስክሬም ገዝተን እየላስን እግራችን ወደ መራን ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ስንደርስ የሺ ጀልባ አየችና፣ እዚህ አገር ይህን ያህል ኖሬ ሙሻ ደሴትን ሳላይ ልሞት ነው ወይ አለች። እኔ ዋና አልችልም። ግን ሚስት ዓይኗ እንዲያ ሲያበራ እምቢ ይባላል?

የጀልባው ባለቤት ዋይስ ይባላል። ረጅም ነው፤ ጥርሱ በረዶ ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። ይህን ሁሉ በቻልኩት ነበር። ችግሩ የማዳሟ ዘበኛ ታናሽ ወንድም ሆኖ መገኘቱ ነው። የሺን እንዳያት አወቃትና እኚህስ ማናቸው ሲላት፣ ዓይኗን ሳታሽ «ወንድም ጋሼ ነው» አለችው። እንግዲህ አንዲት ነገር ካመለጠችን ለዘበኛው፣ ከዘበኛው ለማዳም ደርሳ የየሺ ሥራ ማብቃቱ ነው። ይዤው የነበረውን እጇን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።

ዋይስ እኔን እርስዎ ከበድ ይላሉ ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ፤ የሺን ከኋላ አጠገቡ አደረጋት። ማዕበሉ ጀልባዋን ባነሳ ቁጥር የሺ ትጮሃለች፣ የምትይዘውም ያገኘችውን ክንድ ነው። ያገኘችው የማንን ክንድ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እኔ ፊቴን ወደ ባሕሩ መልሼ የጨው ውኃ ስጠጣ ደረስን።

ደሴቱ ያምራል፤ መቼም ቀናሁ ብዬ አልዋሽም። አሸዋው ነጭ ነው፣ ዛፎቹ ባሕር ውስጥ ቆመው ይኖራሉ። ዋይስ ይህ ሸርጣን ነው፣ ይህ ዛጎል ነው እያለ ያሳያታል፣ ዛጎሉንም በመዳፏ ያስቀምጥላታል። እኔስ? ሁለቱ ውኃው ውስጥ እየሳቁ ሲንቦራጨቁ የሁለቱንም ጫማ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ዓሣ አጥምዶ ከሰል ላይ ጠበሰላት። ዓርብ ጾም ነው አይደል? የሺ ቤታችን ውስጥ ዓሣ በጾም አይበላም ብላ የወሰነች ሴት ናት። ያን ቀን ግን መንገደኛ ይበላል አለች። ጎበዝ፣ መንገደኛውስ እኔ አልነበርኩም? ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ላይ ስኖር ለእኔ መቼ ፈቅዳ ታውቃለች? ይባስ ብላ እኔን አንዴ ካጎረሰች በኋላ ለይሉኝታ ዋይስንም አጎረሰችው። የድሬ ልጅ ወጉን ያውቃል፤ አንድ ያጣላል ብሎ አፉን በድጋሚ ከፈተ። ሁለተኛውን ሰጠችው። እኔ በአንዱ ቀረሁ፣ እውነትም አጣላ።

ዋይስ ራቅ ብሎ ሰገደና ተመልሶ ፊቴ በትሕትና ተቀመጠ። ትዳር እንደሌለው፣ እናቱ ካርቲዬ 6 ሰፈር እንደሚኖሩ፣ እኔ ከፈቀድኩ ሽማግሌ እንደሚልክ ገለጸልኝ። ሚስቴን ለጋብቻ ጠየቀኝ! ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አሉ፤ ቀዳጆቹ ደግሞ እኛው ነን። በጥፊ ልለው እጄን በላኝ። ግን ምን ብዬ? ሃይማኖታችን ይለያያል ብለውም አስቦበት መጥቷል፤ እሷ በእሷ፣ እኔ በእኔ አለ። ሲጨንቀኝ ታጭታለች አልኩት።

ለማን ሲለኝ፣ ኩራቴ አልሞት ብሎ፣ ለሹፌር አልኩ።

ዋይስ ራሱን ያዘ። «ወላሂ ወንድም ጋሼ፣ እህትዎን ይጠሏታል እንዴ? ሹፌር እኮ በየከተማው ሚስት አለው!» አለ። ሚሌ እግሩን የምታጥበው፣ አዋሽ አልጋ የምታነጥፍለት፣ ሎጊያ ሻይ የምታፈላለት እያለ መንገዴን ከዳር እስከ ዳር ቆጠረልኝ። እጇን ስትታጠብ የነበረችው የሺ መታጠቧን አቆመች።

እኔም የሙያ ባልደረቦቼን ክብር ላስመልስ ተነሣሁ። ያ ሹፌር እንዲህ ያለ ሰው አይደለም፣ እንደ ራሴ አውቀዋለሁ አልኩ። ሎጊያ ሻይ አይጠጣም ነው የሚሉኝ አለ ዋይስ። ይጠጣል እንጂ፣ ዘሪቱ ጋ ይጠጣል፣ ታዲያ ምን አለበት አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

በመልሱ ማዕበሉ ከጧቱ ባሰ፣ የሺ ግን የማንንም ክንድ አልያዘችም፤ አልጮኸችምም። ዋይስ ስላለ ልትቆጣኝ አትችል፤ እህት በወንድሟ በምን ወግ ትቀናለች? ፈገግ ብላ፣ ጥርሷን እንደነከሰች፣ «ወንድም ጋሼ፣ ዘሪቱ ቆንጆ ናት?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጧት እኔን ያቃጠለኝ ማታ ወደ እሷ ተሻገረ።

ዋይስ ጨዋ ሰው ነው፤ ሽማግሌውን ተወ። ማዳሟም አልሰማች፤ የሺ እስከ ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። እኔ ግን ዘሪቱ የልጅ ልጅ ያየች ባልቴት ናት ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ? መኪናዬ ሎጊያ በቆመች ቁጥር፣ ሻዩን ገና ሳላማስል ስልኬ ይጮኻል። የሺ ናት፤ ማዳሟ አጠገቧ ናትና ድምፅዋ ማር ማር ይላል።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬስ ስኳሩን ማን ጨመረልህ?»