የጀልባ ቀዛፊው መርዶ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ በእድር ስብሰባ ላይ «እስቲ ደግሞ ጋሽ አስፋው ይናገሩ» የምባል ሰው ሆኜ፣ ስለ ጌም ላወራችሁ ነው። ዝም እንዳልል ነገሩ ከበደኝ። ፈገግ ብላችሁ ለማንበብ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ እባካችሁ ተስተካክላችሁ ተቀመጡ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። ሰውየው በእርግጥ ሰው አይደለም። ግን ሕይወት ነበረው።

መቼም እኛ ገና ካልመጣ ነገር ጋር መኖር እንወዳለን። የመጣውንማ «ያው መጥቷል፣ ምን ይደረጋል» ብለን ጋቢያችንን ደርበን እናየዋለን። እንቅልፍ የሚነሳን ያልመጣው ነው። ስለሚመጣው ክረምት በበጋ፣ ስለሚመጣው ሹም ሳይሾም፣ ስለሚመጣው አስፋልት ደግሞ ከአያቶቻችን ጀምሮ ስናወራ ኖረናል። ሽሮ ሜዳ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆም ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፤ ስለ ትናንት የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ መንገድ ተሳስቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ጌም የሚሠራ ኩባንያ «የጌሜ ቀጣይ ክፍል ጨለም ያለ ነው» ብሎ ሲያስታውቅ፣ ያንን ወሬ ለመቀበል ከጉለሌ የተሻለ የተዘጋጀ ሕዝብ በዓለም ላይ የነበረ አይመስለኝም።

ጌም ስላችሁ ተኩስ እንዳይመስላችሁ። በዚህኛው ማንም ማንንም አይገድልም። አንዲት ልጅ የጠፋች እናቷን ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ትጓዛለች። እናንተ ትመሯታላችሁ፤ ያገኘችውን ሰው ታናግራለች፣ የተቆለፈ በር ቁልፍ ትፈልጋለች፣ እዚህ ጠይቂ ስትባል ወደዚያ ትላካለች፣ እዚያም እዚህ ተመለሺ ትባላለች። ባጭሩ ጉዳይ ለማስፈጸም ቀበሌ እንደ መሄድ ነው። ልዩነቱ፣ መጨረሻ ላይ በሩ ይከፈታል።

ልጅቷን ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የሚያሻግራት ስም የሌለው አንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ አለ። ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል። አንድ እጁን ከኋላው ወገቡ ላይ ያሳርፋል። ወሬ ይጀምርና መሃል ላይ አቁሞ ሰማይ ሰማዩን ያያል፤ ምን ሊል እንደነበር ሳይነግራችሁ ዳር ትደርሳላችሁ። ይህ የታላቅ ወንድሜ የጋሽ ተፈራ አካሄድ ነው፤ ዝምታውም የእሱ ነው። ሁለታችንም ሳናገባ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው የአባታችን ግቢ አብረን አረጀን። ባለፈው ዓመት ትቶኝ ሄደ። ቀብሩን ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ወዴት ይዙር፣ ወንበሩ ይበቃል ወይ፣ ከሩቅ የመጣው ሰው እህል ቀምሷል ወይ ስል ለማልቀስ ጊዜ አጣሁ። ጊዜው ሲገኝ ደግሞ እንባው አልመጣ አለ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከድር ሱቅ ቁጭ ባልኩበት፣ ያ ሽማግሌ ስክሪኑ ላይ ከጭጋግ ውስጥ እግሩን እየጎተተ ወጣ።

ከድር ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ ይሸጣል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥን አለው፤ ከግድግዳው ማዶ ሸማኔዎች ይሠራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ የምንሰበሰብ አራት ነን። ባንክ ቤት የሚሠራው ቢንያም ውጭ አገር ያሉ አድናቂዎች የሚጽፉትን እያነበበ ይተረጉምልናል። እትዬ ጽጌ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ አንድ ቀን ነጠላ ሊገዙ መጥተው ልጅቷ በር መክፈት ሲያቅታት አዩና «ኧረ በመስኮቱ ግቢ!» ብለው ጮሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀሩም። አራተኛው እኔ ነኝ። በእንጦጦ በኩል ጭጋጉ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ከግድግዳው ማዶ ሽው፣ ቋ፣ ሽው፣ ቋ ሲል፣ ድምፁ የመቅዘፊያ ይሆንብኛል። በሩን ከፍቼ ብወጣ አስፋልቱ የሚጠብቀኝ አይመስለኝም። ውኃ ነው። ሚኒባሶቹ ራሳቸው እየተንሳፈፉ ነው የሚያልፉት፤ ረዳቱ የሚጠራው መንገድ ወዴት እንደሆነም አይሰማኝም። «ያ ሰውዬ እስካለ ድረስ እኔም አለሁ» ብያቸዋለሁ ለጓደኞቼ። ለምን እንዳልኩ ያውቃሉ። ጋሽ ተፈራን ሦስቱም ቀብረውታል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ቢንያም ኩባንያው ስለ አዲሱ ሥራ የለቀቀውን ሥዕል ይዞልን መጣ። አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ጭጋግ የዋጠው ወንዝ። ባዶ ጀልባ። ዳር ላይ ልጅቷ ነጠላ የመሰለ ነገር ተከናንባ ቆማለች። ሽማግሌው የለም።

እትዬ ጽጌ አባታቸው መሪጌታ ስለነበሩ ሥዕል ዝም ብለው አያዩም፤ ይተረጉሙታል እንጂ። ጣታቸውን አነሡ።

«ጀልባዋ ባዶ መሆኗ፣ ሰውየው ወርዶ እንጨት ሊለቅም ሄዶ ነው። አንድም ጀልባዋ ሥጋ ናት፣ ቀዛፊው ነፍስ ነው፤ ወጣ ማለት ነው። አንድም ሠዓሊው ደክሞት ሳይስለው ቀርቶ ነው።»

«ውጭ ያሉት ደግሞ ሰውየው መጀመሪያውኑ አልነበረም፣ የልጅቷ ሕልም ነው ይላሉ» አለ ቢንያም።

«እንዴት አልነበረም? ስንቴ ያሻገረኝን ሰውዬ!» አልኩ። «ገመድ ሊያመጣ ሄዶ ነው። ጀልባዋ አልታሰረችም፤ አታዩም እንዴ?»

«የምን ገመድ ጋሼ? እስካሁን በወጡት በሦስቱም የጌሙ ክፍሎች ገመድ ይዞ አያውቅም።»

«ለዚህ ነዋ የሄደው!»

ከድር በክርክሩ አልገባም። ተነሥቶ ስክሪኑ ሥር ሄደና ልጅቷ የለበሰችውን፣ ደንበኛ ጨርቅ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«ጥለቱ...» አለ።

«ጥለቱ ምን ሆነ?»

«ምንም ጋሼ። በቃ... ደህና ጥለት ነው።»

ነገር የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። ቴሌቪዥኑ እምቢ አለ ተባለ። ቴሌግራም ላይ ያለው የአራታችን ግሩፕ ጸጥ አለ፤ እኔ የሌለሁበት ሌላ ግሩፕ መክፈታቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ቢንያምን «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስለው «ኧረ ኔትወርክ የለም ጋሼ» ይለኛል፣ ስልኩ እጁ ላይ ጢን ጢን እያለ። እትዬ ጽጌ የደም ግፊት መለኪያቸውን ይዘው መጡና ክንዴን ጠፈሩኝ። ቁጥሩን አይተው ለከድር ራሳቸውን ነቀነቁለት። እኔ ሞኙ፣ ስለ ጤናዬ ተጨንቀው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። እንደ መብራት ክፍያ በስልክ አይላክም። ሟቹ ከተቀበረ ሰንብቶም ቢሆን ይደበቃል፤ የሚነገረው ሰው ጤና ይጠናል፣ ታላቅ ሰው ይመረጣል፣ ከዚያ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል። ስለዚህ በማለዳ የሚንኳኳ በር ለማንም አበሻ በር አይደለም።

የእኔ በር ማለዳ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ጭጋጉ እስከ ደጃፌ ወርዷል። እትዬ ጽጌ ከፊት፣ ቢንያም በጥቁር ኮት፣ ከድር ጋቢ ደርቦ፣ ሦስቱም ዓይናቸው መሬት ላይ። እኔ ሐዋሳ የምትኖር እህት አለችኝ፤ አስቴር። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ቁጭ በል እስቲ አስፋው» አሉኝ እትዬ ጽጌ።

«አስቴር ናት?»

«ኧረ አይደለችም! ቁጭ በል ብቻ።»

«አትደብቁኝ! አስቴር ናት?»

«ወላሂ አይደለችም ጋሼ፤ እሷ ደህና ናት» አለ ከድር። «ያ... ጀልባ ቀዛፊው ነው። አላህ ሶብሩን ይስጥዎት።»

ከድር ሥዕሉን ከኪሱ አወጣ፤ አሳትሞታል። ልጅቷ የተከናነበችው ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ነው። በእኛ አገር ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ የቆመች ሴት ሐዘን ላይ ናት፤ ይህን ለሽሮ ሜዳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅቷ ደግሞ ከጠፋችው እናቷ ሌላ በዓለም ላይ ያላት ሰው ሽማግሌው ብቻ ነው፤ ባዶ የቀረችውም የእሱ ጀልባ ናት።

«ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ነው ሱቁ ውስጥ ያደግኩት» አለ ከድር። «ጥለት አይዋሽም ጋሼ።»

ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ፣ አስቴር በሕይወት አለች! ግድግዳውን ይዤ ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፤ «እናንተ ዕብዶች!» አልኳቸው፤ ልቤን ልታቆሙት ነው እንዴ እያልኩ ስስቅ፣ ያ እግሩን የሚጎትት ሰው ዳግመኛ ከጭጋጉ እንደማይወጣ ታወሰኝ። ሳቁ የት ላይ እንደተቆረጠ አላውቅም። «ጋሽ ተፈራ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ከዓመት በኋላ፣ በቤቴ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን። እትዬ ጽጌ አቀፉኝ። ከድር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥቁር ኮቱን የለበሰው ቢንያም ከእኔ በላይ አለቀሰ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺ ጩኸቱን ሰምተው፣ እንዳገራችን ወግ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። ጥቂት አለቀሱና ቀስ ብለው ጠየቁ፤

«ማን ነው እሱ?»

መሪጌታ ያሳደጓት ሴት አትዋሽም። «ወንዝ ዳር የሚሠራ ሰው ነበር» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ወይኔ! ወንዝ ነዋ የበላው!» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ደረታቸውን እየደቁ። «ልጆች አሉት?»

«አንድ የሚያሻግራት ልጅ ነበረችው።»

«እሷን እግዜር ያጽናት!» አሉና እንደገና አለቀሱ። እንዲያው እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዚያ ሽማግሌ እንደዚያ ከልቡ ያለቀሰ ሰው የሠራው ኩባንያ ውስጥ እንኳ የሚገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ ሐዘን ከሆነ ሐዘን ነው፤ ወጉ አይጓደልም። ከከድር ቤት ሾርባ ይመጣልኛል። ቢንያም ከሥራ ሲወጣ ብቅ ብሎ ያመሻል። እትዬ ጽጌ ማለዳ ማለዳ ንፍሮ ይዘው ይመጡና ብቻዬን ቁርስ እንዳልበላ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ የሺ በየቀኑ ስለ ወንዝ ክፋት ያወሩኛል። እኔም ስለ ወንድሜ አወራላቸዋለሁ፤ ስለ እግሩ፣ ስለ ዝምታው፣ ሰማይ ሲያይ ምን ያይ እንደነበር እስከ ዛሬ እንደማላውቅ። ያ ግቢ ጋሽ ተፈራ ከሄደ ወዲህ እንደዚህ ሰው በዝቶበት አያውቅም። ሌሊት ሌሊት ወንዙን በሕልሜ አየዋለሁ፤ ጀልባዋ ባዶ ናት፣ ግን አትሰጥምም፣ ከእንጦጦ የወረደው ነጭ ነገር ተሸክሟት ከቤቴ ጣሪያ በላይ ታልፋለች።

እናም ትናንት ረፋድ ላይ፣ በቁስቋም ዳገት ወጣ ብዬ ቁጭ ባልኩበት፣ ስልኬን ከፈትኩ። ኩባንያው አጭር ቪዲዮ ለቋል።

ሰውየው አለ።

ባሕር ዛፍ በመሰለ ጫካ ውስጥ እግሩን እየጎተተ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይመጣል። ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው። ልጅቷም እንደዚያው ለብሳለች፤ ያልታወቁ መንገደኞችም፤ በመንገድ ዳር የቆመ የወፍ ማስፈራሪያ ሳይቀር ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው። ሠዓሊው እንደዚያ ደስ ብሎት ነው። ጥለት በየት በኩል እንደሚውል ማንም አልነገረው፤ ሽሮ ሜዳን የት ያውቃልና! ደግሞ ሰውየው በትከሻው የጠመጠመው ምን ይመስላችኋል? ገመድ ነው! ዳገቱ ላይ ብቻዬን እልል አልኩ፤ አህያ እየነዳች የምትወርድ ሴት «እሰይ፣ ምን ተገኘ አባባ?» አለችኝ። «ወንድሜ ተገኘ» አልኳት።

ወሬውን ላበስር ወደ ከድር ሱቅ በረርኩ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ከውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁና ቆምኩ።

«እንዲህ ድንገት አይነገረውም» ይላሉ እትዬ ጽጌ። «ሐዘኑ ገና አልበረደለትም። የሞተ ሰው ተነሣ ብትለው ደስታውም ይገድለዋል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል ከድር። «እኔው ልንገራቸው። ግን በምን ፊቴ?»

«ግፊቱ እስኪስተካከል እንቆይ» ይላሉ እትዬ ጽጌ። «እስከዚያ ስልኩን ደብቁበት። ኔትወርክ የለም በሉት። ማለዳ ማለዳ መሄዴን አልተውም፤ ደህና ሲሆን፣ ሁላችንም ተሰብስበን፣ ቁርሱን አብልተን እንነግረዋለን።»

ድምፄን ሳላሰማ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ዛሬ ማለዳ እትዬ ጽጌ መጡ። ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ ክንዴን ጠፈሩና ግፊቴን ለኩ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አይ ያ ሰውዬ...» አልኩና በረጅሙ ተነፈስኩ። ንፍሮዬን ጨመሩልኝ።

ስለዚህ አደራ። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ልትገዙ ብትሄዱና ከድር የሚባል ዓይን አፋር ነጋዴ ብታገኙ፣ ዋጋ ተከራክራችሁ፣ ጨርቁን አገላብጣችሁ፣ ይህን ወሬ ሳታነሡ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔ ቪዲዮውን አላየሁም። ሰውየው ሞቷል።