የዶክተር ናሆም ልጅ ብርድ ልብስ

ሻሂያችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ ነገር ሻሂው ቢቀዘቅዝ እንኳ የማያስቆጭ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳይንስ ላስረዳችሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ባጃጄ ውስጥ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ስልኬ ላይ ድራማ እያየሁ ራሴ የደረስኩበት ነው። ተወዳጅ ድራማ ሲያልቅ የሚያልቀው ለማን ይመስላችኋል? ለተዋናዩ ብቻ! ለተመልካቹ መቼም አያልቅም። ደግ ሆና የተጫወተችው በማግስቱ የዘይት ማስታወቂያ ትሠራለች። ክፉውስ? አማቱን መርዞ የገደለ ሰው "ይህን ወተት ጠጡ" ቢላችሁ ትጠጣላችሁ?

እንግዲህ ዶክተር ናሆምን አስቡት። እርጉዝ ሚስቱን ሳምራዊትን ጥሎ የጠፋው፣ አገር ምድሩ የረገመው ናሆም! ትክክለኛ ስሙ ተስፋሁን ነው፤ ድራማው ካለቀ ወዲህ በዚህም ስም በዚያም ስም ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። በመጨረሻ የጠራችው እዚህ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ብርድ ልብስ የምትሸጠው አዴ ፋጡማ ናት። አዎ፣ ብርድ ልብስ፤ በድሬ ሙቀት! "አዴ፣ ማን ሊገዛሽ ነው?" ብላት፣ "ወሪያ፣ ዝነኛ ሰው ከተናገረማ ወላሂ ድሬ ራሷ ይበርዳታል" አለችኝ። ባጃጄ ላይ ሞንታርቦ አሳሰረች፣ ማይኩን ለሱ ሰጠችው። እስከ ማታ ካልተሸጠ ግን በመጣበት አውቶቡስ እንደሚመለስ አልደበቀችውም።

ቀፊራ ገብተን "ውድ የድሬ ነዋሪዎች" ከማለቱ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ድምፁን ለይታ ባጃጄ ፊት ተገተረች። እርጉዝ ሚስቱን ጥሎ እዚህ ብርድ ልብስ ያዞራል እንዴ ብላ ስትጮህ ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። ድራማ ነው ቢላት፣ "ድራማውማ አለቀ አቦ! ታዲያ እስካሁን ለምን አልተመለስክም?" አለችው። እውነቷን ነው።

ነገሩ ሲከር ሐጂ ዩሱፍ ተጠሩ። ድሬ ላይ ከፖሊስ በፊት ሽማግሌ ይደርሳል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው። ሐጂ የብርድ ልብሱ ክምር ላይ ተሰይመው ከሳሽንም ተከሳሽንም ሰሙ። ተስፋሁን ጥፋቱ የደራሲው መሆኑን አስረዳ። ደራሲው እሳት ውስጥ ግባ ቢልህ ትገባ ነበር ወይ ቢሉት፣ "ከከፈለኝ እገባለሁ፣ ሐጂ" አለ። አንጀቴን የበላው ያኔ ነው። ፍርዱም ተሰጠ፦ አሁኑኑ ሚስቱ ዘንድ ደውሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይቅርታ ይጠይቅ!

ሳምራዊትን የተጫወተችው አዲስ አበባ ናት። ስልኩን ማይኩ ላይ ደቅኖ፣ "ሳምሪ፣ ናሆም ነኝ፤ ይቅር በይኝ" አላት። የዘይቱ ማስታወቂያ ካለቀ ወዲህ እሷም የሚደውልላት አልነበረም። የድራማው አዲስ ምዕራፍ ሊቀረጽ ነው፣ የትወና ፈተና እየሰጡኝ ነው ብላ ሳታስብ አልቀረችም፣ እንባዋን ለቀቀችው። "እኔስ ይቅር ልበልህ፤ ልጅህ ግን በዚህ ብርድ ምን ይልበስ?"

ብርድ! ቀፊራ በአንድ ድምፅ ተንሰቀሰቀች። አራስ በባዶ እጅ ይጠየቃል እንዴ እየተባባሉ፣ ሴቶቹ ብርድ ልብሱን እየገዙ ተስፋሁን ጭን ላይ ቆለሉት። ሐጂ የተቀመጡበት ሳይቀር ከሥራቸው ተሸጠ። አዴ ፋጡማ እልልታዋን አቀለጠችው። ሳይንስ ስለማታውቅ ነው። እስቲ ያ ሁሉ ብርድ ልብስ አሁን የማን ሆነ? የሕፃኑ። የሕፃኑን ንብረት ማን ይጠብቃል? አባቱ!

ተስፋሁን አውቶቡስ አልተሳፈረም። ዛሬ ከአዴ ፋጡማ ፊት ለፊት የብርድ ልብስ ሱቅ አለው። እሷ ሐጂ ዘንድ እየሄደች ትከሰዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ልጁ የተመለሰን አባት ከእንጀራው አላፈናቅልም ይሏታል።

ካላመናችሁ ቀፊራ ሂዱና ሞክሩት። ዋጋ ሲቆልልባችሁ አትከራከሩ፤ "ልጁ እንዴት ነው?" በሉት ብቻ። እኔ ብጠይቀው ጥርስ እያበቀለ ነው ብሎ በግማሽ ዋጋ ሸጠልኝ። ግን ቶሎ ሂዱ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እጨምራለሁ ብሏል።