ሞቷል የተባለው ሄድፎን

(ያን ጊዜ ሱቅ ሁሉ ደጃፉ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ እየዘፈነ ነበር ሰው የሚጠራው። የዚህችም ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በር ላይ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ከውስጥ ወንድምና እህት፣ ሁለቱም ጡረተኞች፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ይጨቃጨቃሉ። እሷ በስልክ መሥሪያ ቤት ማዞሪያው ላይ መስመር ስትሰካና ስትነቅል ስለኖረች ሰፈሩ «ስልከኛዋ» ይላታል። ታላቅ ወንድሟ በዚያው መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የሬድዮ ካርቶን ሲደረድር ኖሮ ሬድዮ የሠራ ይመስለዋል። ሰፈሩ በሽሙጥ «ኢንጂነሩ» አለው፤ እሱ ግን ሹመት መስሎት ተቀበለ። ባለሱቋ ወጣት የተሰበረ የስልክ መስታወት በምላጭ ትፍቃለች።)

ኢንጂነሩ፦ ጥቁሩ ነው አልኩሽ! ጥቁር ቀለም ድምፅ ይይዛል።

ስልከኛዋ፦ ጋሼ፣ ቀለም ድምፅ ይይዛል እንዴ?

ኢንጂነሩ፦ ሙቀት ይይዛል አይደለም?

ስልከኛዋ፦ ይይዛል።

ኢንጂነሩ፦ ሙቀት ምንድን ነው?

ስልከኛዋ፦ ሙቀት ነዋ።

ኢንጂነሩ፦ አየሽ! መሠረት የለሽም። መሠረት ለሌለው ሰው ምኑን ከምን ላስረዳ?

ስልከኛዋ፦ እሺ፣ ቀለሙን እንተወው። ለሥራ ነው የምፈልገው። ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው ዝግ የሆነ ይሁን ብለውኛል። ለፍርድ ቤት የምስክሮች ቃል የተቀዳበትን እየሰማሁ ነው የምተይበው። ቤቴን ያውቁታል፤ በግድግዳው ማዶ ብየዳ ቤት ነው፣ ወዲህ ደግሞ ልጄ ከነልጆቿ ናት። የውጩ እንዳይገባ፣ የውስጡ እንዳይወጣ። ድምፁም ጥርት ያለ፣ ዋጋውም የጡረተኛ።

ኢንጂነሩ፦ ሳትቀጠሪ ሄድፎን! ሳይወለድ ቆብ ሰፋችለት አሉ።

ስልከኛዋ፦ ፈተናውን አልፌያለሁ። የቀረችኝ አንዲት ፊርማ ናት፤ የእርስዎ። (ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት ብቅ ታደርጋለች) «ምስጢር ጠባቂ መሆኗን አብሯት የሠራ ሰው ይመስክር» ይላል። አብረውኝ ከሠሩት በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ኢንጂነሩ፦ እሱን ወረቀት አታውጪብኝ አላልኩሽም? ዋናው መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የዝውውር ዝርዝር በምስጢር ለአለቃችን በስልክ ሲያነብለት መስመሩን የሰካው ማን ነበር?

ስልከኛዋ፦ እኔ።

ኢንጂነሩ፦ አለቃው ትንፍሽ ሳይል፣ ምሳ ሳይደርስ፣ ዝርዝሩን አገር ምድሩ አወቀው። ከማን አፍ ወጣ?

ስልከኛዋ፦ ከእኔ አልወጣም። መስመሩን ሰክቼ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አነሳሁ። ያኔም ብያለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ብለሻል። ማን አመነሽ? እኔ ደግሞ በማላውቀው ነገር አልፈርምም። ያውም የማላውቀው ነገር ኖሮ አያውቅም!

(ስልከኛዋ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችው። በዚያ ዝርዝር ምክንያት ከማዞሪያው ተነስታ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት አቧራ ስታራግፍ ነው ጡረታ የወጣችው። የሚቆጫት ደመወዙ አልነበረም። እነዚያ ቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉ ትንንሽ መብራቶች ናቸው፤ አሁንም ዓይኗን ስትጨፍን ይታዩዋታል።)

ስልከኛዋ፦ ይሁን። ለፊርማው ባይሆኑኝ ለምርጫው ይሁኑኝ። እነዚህን ሦስቱን ይሞክሩልኝ። የእኔ ጆሮ የአሮጊት ጆሮ ነው።

ኢንጂነሩ፦ አሁን ወደ ልብሽ ተመለስሽ! (በርጩማው ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል) ሰዓት ያዢ።

ስልከኛዋ፦ ሰዓት ለምን?

ኢንጂነሩ፦ ባለሙያ ሲሞክር ሰዓት ይያዛል።

ስልከኛዋ፦ እሺ። ገመዱንም እኔ ልያዝልዎ፤ እንዳይጠላለፍብዎ።

(ባንኮኒው ላይ ካለው ትንሽ ሬድዮ አጠገብ ቆማ መጀመሪያ ጥቁሩን ታቀብለዋለች። ወርቃማ ጌጥ አለው፤ ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ዋጋውም ከሦስቱ ያይላል። ኢንጂነሩ ራሱ ላይ ይደፋዋል። ዓይኑን ይጨፍናል።)

ስልከኛዋ፦ ይሰማል?

ኢንጂነሩ፦ ኧረ በስማም! ይሄ ነው ድምፅ ማለት! ዘፋኟ አጠገቤ የቆመች ነው የሚመስለው። ከበሮው በግራ ጆሮዬ ነው የሚገባው።

ስልከኛዋ፦ እስቲ ወደ መደርደሪያው ዞር ይበሉልኝ።

ኢንጂነሩ፦ (ይዞራል) ጉድ! ጉድ! አሁን በቀኝ ሆነ! ሰውዬው ሲዞር ድምፁም አብሮ ይዞራል! ይሄ የዛሬው ሥልጣኔ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሳይጽፉት አይቀሩም።

ስልከኛዋ፦ ሌላስ?

ኢንጂነሩ፦ ቆይ... የመኪና ጡሩምባ! ከዘፈኑ መሀል ጡሩምባ አስገብተውበታል። ሾፌሩ ሲሳደብ ሳይቀር ይሰማል! እንዲህ ነው ቀረጻ!

ስልከኛዋ፦ ጋሼ፣ የምናገረውን ሄድፎኑን ሳያነሱ ነው የሚሰሙኝ?

ኢንጂነሩ፦ ሳላነሳ! አየሽ? ዘፈኑንም ያሰማል፣ ሰውም ያሰማል። በአንድ ዋጋ ሁለት ሥራ! ጻፊው፤ «እጅግ በጣም ጥሩ»።

(ስልከኛዋ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ወንፊት» ብላ ጻፈች። ባለሱቋ ቀና ብላ የስልከኛዋን የተጨበጠ እጅ አየችና ከንፈሯን ነከሰች።)

ስልከኛዋ፦ ይኸኛውንስ? (ሰማያዊውን ታቀብላለች)

ኢንጂነሩ፦ (ይደፋል) እህ... ይሄ የታፈነ ነው። ዘፋኟ ጉንፋን ይዟታል። ከበሮው ይመጣል፣ ቃሉ አይለይም። ተማሪ ይግዛው።

ስልከኛዋ፦ የመጨረሻው ይሄ ነው። ዋጋው ከጥቁሩ ግማሽ አይሞላም።

(አመድማ፣ ጌጥ የሌለው፣ ጀርባው ድፍን። ትራሱ ግን ወፍራም ነው። ኢንጂነሩ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይቀበላል።)

ኢንጂነሩ፦ ይሄንንም ሄድፎን ብለው! የድስት ክዳን ነው እንጂ። (ይደፋል፤ ፊቱ ይለወጣል) ምን ጉድ ነው? የለም!

ስልከኛዋ፦ ምኑ የለም ጋሼ?

ኢንጂነሩ፦ (እየጮኸ) ሞቷል! ድምፅ የሚባል የለውም!

ስልከኛዋ፦ (ድምጿን ሳትለውጥ) ልጅ ሆነን የአባባን የግድግዳ ሰዓት ፈተው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን ተረፈዎት። «ፋብሪካው ትርፍ ልኮበት ነው» አሉ። ትዝ ይልዎታል?

ኢንጂነሩ፦ (እየጮኸ) ምን አልሽ?

ስልከኛዋ፦ ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ አልሄደም። እርስዎም ከዚያ ወዲህ አልሄዱም።

ኢንጂነሩ፦ (እየጮኸ) አፍሽ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው! ዓሣ መስለሻል!

ስልከኛዋ፦ ስንት ዘመን በሆዴ የያዝኩትን ነው። ተመስገን፣ ወጣልኝ።

(ባለሱቋ ምላጯን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኢንጂነሩ ሄድፎኑን አውልቆ ባንኮኒው ላይ ይወረውረዋል።)

ኢንጂነሩ፦ ይሄ ያንን የእናንተን ጉድ አስታወሰኝ። (ለባለሱቋ) ስሚኝማ ልጄ፣ ምን ያስቅሻል? ገና መቼ ሰማሽ! የማዞሪያ ቤት ሴቶች ከግምጃ ቤቴ አዲስ ማዳመጫ ወስደው በሦስተኛው ቀን ግማሹን ይመልሱልኛል። ወረቀቱ ላይ ምን የሚል ተጽፎበት? «ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ ተመላሽ።» ያስቀሩትስ? «ምንም አያሰማም፤ ተቀብለናል።» ደህናውን መልሰው ደንቆሮውን የሚያቅፉ! እንግዲህ እህቴ ከዚያ ትምህርት ቤት ነው የወጣችው።

ስልከኛዋ፦ የተመለሰውን ምን ያደርጉት ነበር?

ኢንጂነሩ፦ ልጣለው ታዲያ? ያውም «ጥርት አድርጎ ያሰማል» ተብሎ የተመሰከረለትን! ከሁሉ የሚበልጠውን መርጬ ለአለቃችን ክፍል ላክሁት። ሰውዬው እየጻፈ መስማት ይወድ ነበር፤ እጁ ነፃ እንዲሆንለት።

ስልከኛዋ፦ (ቀስ ብላ) መቼ ነው የላኩለት?

ኢንጂነሩ፦ ያኔ ነዋ፣ የዝውውሩ ሰሞን።

ስልከኛዋ፦ ጥሩ ነበር?

ኢንጂነሩ፦ ጥሩ ትያለሽ! እሱ ጆሮው ላይ አድርጎት፣ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ከወዲያ ጫፍ የሚያወራው ሰው ይሰማኝ ነበር! በሩ ገርበብ ካለማ አለቀ። ሹፌሩ ሰማ፣ ተላላኪው ሰማ፣ የጽዳቷ ሴትዮ ሳትቀር «እንዴት ያለ ዕቃ ነው!» አለች። እንደዚያ ያለ ጥራት እስከ ዛሬ አላየሁም።

(ስልከኛዋ ባንኮኒውን ያዘች። የጥቁሩን ሄድፎን የተበሳሳ ጀርባ አየች። ከዚያ ቀና አለች።)

ስልከኛዋ፦ በሉ ጋሼ፣ ይፍረዱ። የቱን ልውሰድ?

ኢንጂነሩ፦ ጥቁሩን! ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን ይጠይቃል?

ስልከኛዋ፦ እኔ አመድማውን ነው የምወስደው።

ኢንጂነሩ፦ የሞተውን?! ልጄ፣ አትሽጪላት፤ አእምሮዋ ደክሟል።

ስልከኛዋ፦ እጄን ይዩልኝ።

(የጨበጠችውን እጇን ትዘረጋለች። መዳፏ ላይ የሦስቱም ሄድፎኖች መሰኪያ ጫፎች ተኝተዋል፤ በላብ ወዝተዋል።)

ኢንጂነሩ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ስልከኛዋ፦ ገመዱን ልያዝልዎ አላልኩም? ያዝኩት። አንዱም ሬድዮው ላይ አልተሰካም።

ኢንጂነሩ፦ ዘፈኑስ?

ስልከኛዋ፦ የደጁ ድምፅ ማጉያ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ጡሩምባውስ?

ስልከኛዋ፦ የመኪና።

ኢንጂነሩ፦ ስዞር አብሮኝ የዞረውስ?

ስልከኛዋ፦ የዞሩት እርስዎ ነዎት። በሩ እዚያው ነው ያለው።

(ባለሱቋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳል አስመሰለችው።)

ስልከኛዋ፦ እኛ ማዞሪያ ቤት አዲስ ማዳመጫ ሲመጣ አዲስ የገባችውን ልጅ እናስቀምጥና ሳንሰካ እንደፋባት ነበር። «ምን ይሰማሻል?» እንላታለን። «ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማኛል» ካለች ማዳመጫው ቀዳዳ ነው፤ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። «ሞቷል» ካለች እሱ ዝግ ነው፤ እናስቀረዋለን። እኔንም በገባሁ በሳምንቴ ሠርተውልኛል፤ «ከበሮ ይሰማኛል» ብዬ ቀኑን ሙሉ ተሳቀብኝ። አለመሰካቱን የሚያውቅ ሰው ለሙከራው ስለማይሆን ነው፤ ያወቀ ሰው ይሰማኝም አይሰማኝም እያለ ይጠበባል። የሚያስፈልገው ምንም የማያውቅ ጆሮ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ምንም የማያውቅ!

ስልከኛዋ፦ ዛሬ እርስዎን ይዤ የመጣሁት ለዚሁ ነው።

(አመድማውን ሬድዮው ላይ ሰክታ ራሷ ላይ ታደርጋለች። ወሬ የሚያነብ ሰው ታገኛለች። ዓይኗን ትጨፍናለች።)

ስልከኛዋ፦ «ስድስት» ሲልና «ስምንት» ሲል ይለያል። እኛ ጋ ከዚህ ሌላ ፈተና አልነበረም፤ በመጥፎ መስመር ሁለቱን ያልለየች ልጅ ስንቱን ሰው ከማያውቀው ሰው አገናኝታለች! (አውልቃ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጠዋለች) አሁን ጎንበስ ብለው ከውጭ ያድምጡ። የሚወጣ ነገር አለ?

ኢንጂነሩ፦ (ያደምጣል) ... ምንም።

ስልከኛዋ፦ (ነቅላ ጥቁሩን ትሰካለች) አሁንስ?

ኢንጂነሩ፦ ይሄማ... ወሬውን እያነበበ ነው። ቃል በቃል።

ስልከኛዋ፦ ከአግዳሚው እስከ አለቃው ጠረጴዛ ስንት እርምጃ ነበር?

ኢንጂነሩ፦ አራት... ቢበዛ አምስት...

(ጥቁሩ ሄድፎን ባንኮኒው ላይ ለብቻው ያወራል።)

ኢንጂነሩ፦ ሹፌሩ ሰማ... ተላላኪው ሰማ...

ስልከኛዋ፦ የጽዳቷም ሴትዮ።

ኢንጂነሩ፦ እንግዲህ ዝርዝሩ...

ስልከኛዋ፦ በማዞሪያው በኩል አልወጣም ጋሼ። በግምጃ ቤቱ በኩል ነው የወጣው። መርጠው በላኩት።

ኢንጂነሩ፦ እኔ... እኔ... እኔ ምን አውቄ!

(ባለሱቋ ዞር ብላ አየችው። የደጁ ድምፅ ማጉያ እንኳ ዘፈን ሊቀይር ዝም ያለባት ቅጽበት ነበረች።)

ስልከኛዋ፦ ሰማሽ ልጄ? አብሮኝ ካደገ ወንድሜ አፍ ይቺን ቃል ስሰማ ዛሬ ገና ነው። ያውም ያለ ሄድፎን። (ወረቀቱን ዘርግታ እስክሪብቶ ታስጨብጠዋለች) አመድማውን ጠቅልይልኝ።

ኢንጂነሩ፦ (አንገቱን ደፍቶ) የት ጋ ነው የምፈርመው?

ስልከኛዋ፦ እታች። «በሙሉ ዕውቀቴ አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር።

ኢንጂነሩ፦ ቦታዋ ጠበበች።

ስልከኛዋ፦ ግድ የለም ጋሼ፣ ለእርስዎ ዕውቀት ትበቃለች።