እኔ «ሌላ» አይደለሁም

ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱን ራሱ ቢናገር ምን አለበት? እኔን የሚደንቀኝ ጠይቆን፣ መልሱንም ራሱ ደርድሮ፣ «ከነዚህ አንዱን ሁኚ» የሚለን ነው። ቀበሌም እንዲህ ያደርጋል፤ ግን እዚያ ያለው ጸሐፊ ሰው ነውና ትለምኑታላችሁ። ኮምፒውተር በማን ስም ይለመናል?

የጎረቤቴ ልጅ ፎዚያ ከቤሩት ከተመለሰች ወዲህ ከእኔ በቀር ሰው አታዋራም። እኔም በወጣትነቴ ጅዳ ሰው ቤት ሠርቻለሁና ብዙ ሳታስረዳኝ ይገባኛል። በዚያ ሰሞን ከስደት ተመላሾችን በዕድሜ ታላቅ ከሆነ አማካሪ ጋር የሚያገናኝ ማኅበር ከተማችን መካነ ሰላም መጣ። ጥንድ ሆነው ለተመዘገቡት የልብስ ስፌት ያስተምራል፤ ምዝገባው ግን በኢንተርኔት ብቻ። ፎዚያ ቁርጡን ነገረችኝ፦ «እትዬ፣ እርስዎ ከሌሉበት እኔም የለሁበትም።»

ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። ኮኔክሽኑ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቶ መዝጋቢው ሰይድ ስሜንና ዕድሜዬን ሞላ። የትምህርት ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዝርዝሩ ከዲፕሎማ ይጀምራል፤ እኔ ደግሞ ስምንተኛ ላይ አበቃለሁ።

«ዲፕሎማ ልበለው እትዬ? ወላሂ ማንም አያጣራም።»

«በሁዳዴ ልታስዋሸኝ?»

«እርስዎ ይጹሙ፣ እኔ ልዋሽልዎ!»

ፎዚያ ሳቀች። እኔ ግን አዲስ አበባ ወዳሉት የማኅበሩ ሰዎች አስደውዬ፣ «ልጆቼ፣ በር የሠራችሁት ሰው እንዲገባ ነው እንዲመለስ?» አልኳቸው። ደግ ናቸው፤ በሳምንቱ ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ ቃል ጨመሩልኝ፦ «ሌላ»።

ሰይድ ሊጫነው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ምነው እትዬ! አሁን እኮ ያልፋል!»

«እሱ ይለፍ፤ እኔ አላልፍም።»

«በአንድ ቃል ይህን ያህል?» ትላላችሁ። ሰው ቤት፣ በስማችሁ ሳይሆን በጭብጨባ እየተጠራችሁ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ አገራችሁ ገብታችሁ፣ በገዛ አፋችሁ «ሌላ ነኝ» በሉ ስትባሉ እንዴት ነው? ስምንት ዓመት ደብተር የያዝኩት ሌላ ለመሆን አይደለም። ደግመን ደወልን። ሰይድም፣ «ምርቃት እንኳ ይህን ያህል አላስለፋኝም» እያለ አስረዳልኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ቦታ ተተካ፦ «የተማሩትን ራስዎ ይጻፉ።» ጻፍን። ማሽኑም ተቀብሎን ሲያበቃ፣ ጥያቄያችሁ እየታየ ነው፣ ጠብቁ አለን።

እንግዲህ ጠብቁ ከተባልን እዚያው ወንበሩ ላይ ተደላደልን። ጥቂት ቆይቶ አንዲት የማናውቃት ሴት ከደጁ አንገቷን አስግጋ፣ ማሽኑ ስድስተኛ ክፍልም ይጽፍ እንደሆነ ጠየቀች። ሰይድ አፉን ሳይከፍት፣

«ይጽፋል፣ ግቢ» አለቻት ፎዚያ።